ባሕር የለመደ ሰው ከተማ ሲመርጥ

እህቴ ከጅቡቲ ስትደውል ብዙውን ጊዜ የምታወራው ስለ ሙቀቱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ስለ ሙቀቱ አንድ ቃል አላነሳችም።

«ልንመጣ ነው» አለችኝ።

«ለጥየቃ?»

«ለመኖር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ውሃ ያለበት ከተማ መሆን አለበት። ያለዚያ እሱ አይሆንለትም።»

«እሱ» ያለችው ባሏን ነው። እኔ ያን ጊዜ በስልክ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር አላውቀውም ነበር። የማውቀው የመን ውስጥ ባሕር ዳር ባለች ከተማ መወለዱን፣ አባቱም አያቱም ጀልባ ሠሪዎች እንደነበሩ፣ ጦርነት ሲመጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ በጀልባ ወደ ጅቡቲ መሻገሩን ነው። ሌላውን ሁሉ ይዞ መሄድ ይችል ነበር ትላለች እህቴ። እሱ ግን መጋዙንና መላጊያውን ብቻ መረጠ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ገና ወጣት ሳለች በባቲ በኩል ወርዳ፣ በረሃውን አቋርጣ ጅቡቲ ገባች። ወደብ አጠገብ ለወደብ ሠራተኞች ምግብ የምታበስል ሴት ጋ ተቀጥራ፣ ሴትየዋ ስታረጅ ማድቤቱን እሷ ያዘችው። ባሏን ያወቀችው እዚያ ነው። አንድ ቀን ሊበላ ገብቶ፣ ያቀረበችለትን ዓሣ ቀምሶ፣ «አንቺ ሴት፣ ይሄን ዓሣ ሁለቴ ገደልሽው» አላት። እሷም ማማሰያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እንግዲያው ና፣ ሦስተኛውን አንተ ግደለው» አለችው። በማግሥቱ እውነትም መጣና ማድቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

ለብዙ ዓመት እዚያው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። በኋላ ግን የእህቴን ጤና ሙቀቱ እየጎዳው መጣ። ሐኪሙ ቀዝቀዝ ያለ አገር ብትሄድ እንደሚሻላት ነገራት። ባሏም፣ «የምትሄጂበት እሄዳለሁ፤ ብቻ ውሃ የሌለበት ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ከተማ መምረጥ የጀመሩት።

መጀመሪያ ባሕር ዳርን አዩ። ከዚያ ሐዋሳ ሄደው ሰነበቱ። እህቴ ሐዋሳን ወደደቻት። ሰፊው መንገድ፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የሚንሸራሸረው ሕዝብ፣ ማንም ማንንም የማያውቅበት ሁኔታ ማረካት። እሱም ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሲያወጡ እያየ ደስ ብሎት ነበር። ነገሩ ያለቀ መሰለ። «ቤት ከመከራየታችን በፊት ግን አንቺን አይተንሽ እንመለስ» አለችኝና ወደ እኔ መጡ፣ ወደ ሐይቅ። የተወለድንባት ከተማ ስሟ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁም ሐይቅ ነው። እህቴ ድሮ አገሯን ሲጠይቃት «ሐይቅ» ብላ፣ ትርጉሙን ስትነግረው የቀለደችበት መስሎት እንደነበር ኋላ አጫወተኝ። «አገርሽ የት ነው ስላት ‹ውሃ› ብላ የምትመልስ ሴት መጀመሪያዬ ናት» አለ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም የስፌት ማሽኔን ትቼ ወጣሁ። እህቴ ከስታ፣ ግን ለብሳ አምራ ወረደች። ከኋላዋ ረጅም፣ ጢሙ የነጣ፣ እጆቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ትልልቅ የሆኑ ሰው ወረደ። ሻንጣውን ለሌላ ሰው ትቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ራሱ ተሸክሟል። ጅዳ ለጥቂት ዓመታት ሠርቼ ስለነበር ዐረብኛ አያስቸግረኝም። በዐረብኛ ደግሞ አንቱታ የለም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ እኩያዬ «አንተ» እያልኩት ለመድኩ። በኋላ አማርኛ ሲለምድ ወደ «አንቱ» ልመልሰው ብሞክር፣ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ አስተወኝ።

ቤት ገብቶ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ፣ «ሐይቁ በየት ነው?» አለኝ።

ይዤው ወረድኩ። ከከተማው ብዙ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ውሃው ላይ ፀሐይ ተኝታበታለች። ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ ዳር ዳሩን ሰዎች ማሳቸውን እያረሱ ነው። እሱ ጫማውን አውልቆ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባና በመዳፉ ቀድቶ ቀመሰ። ፊቱ ላይ እንደ ሐዘን ያለ ነገር አየሁ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጨው የለውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሳቀ። «መጥፎ ነው አላልኩም። እንግዳ ነው የሆነብኝ። እንዲህ ያለ ውሃ ሰው እየጠጣው፣ ከብት እየጠጣው፣ ዓሣም እየኖረበት!»

ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ነፋሱ ጠዋት ከየት ይነሳል? ከሰዓትስ? ውሃው በክረምት ምን ያህል ይሞላል? ዓሣ የሚወጣው ከየት በኩል ነው? ከሐይቁ ዳር ተወልጄ አድጌ አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። መረባቸውን የሚያጸዱ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጋ ወሰድኩትና እነሱ መለሱለት። ከሁለቱ አንዱ ያወጣውን፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አንስቶ ሰጠው። እሱ ዓሣውን ገልብጦ ክንፉን ዘርግቶ አየው፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነው የያዘው። «ማሻአላህ» አለ። ይህን ቃል ስንቱ ሰው በየቀኑ ሲለው እሰማለሁ፤ እሱ ሲለው ግን ዓሣው መልሶ የሚሰማው ይመስል ነበር።

በማግሥቱ አርዲቦን ላሳየው ወሰድኩት። አርዲቦ ከእኛ ሐይቅ ያነሰ፣ በእርሻ መንደሮች የተከበበ ሐይቅ ነው። ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ አንድ ሰው በሬዎቹን ሲጠራ ይሰማል፣ በቃ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ሊኖርበት የመረጠው መስሎኝ ነበር። ሲነሳ ግን፣ «ይሄ ለዓይን ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ሊያረጅበት የሚችል ቦታ አይደለም» አለኝ። ከተማ ሲመርጥ ምን እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቤት ስንመለስ እህቴ ኮስተር ብላ ጠበቀችን።

«ምን እያዞርሽ ታሳይዋለሽ?» አለችኝ። «ሐዋሳ ወስነን ነው የመጣነው።»

«ምን አደረግሁ እትዬ? እንግዳ አይደል?»

«አውቅሻለሁ። እዚህ ልታስቀሪኝ ነው።»

እውነት ነበራት፤ እንድትቀርልኝ እፈልግ ነበር። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ከእኔ በቀር የሥጋ ዘመድ የላትም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። «ብትቀሪስ ምን አለበት?» አልኳት።

«እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀኛል» አለች። «ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አንዷ ‹ልጅ የለሽም እንዴ?› አለችኝ። ሌላዋ ‹ዐረብ አገባሽ?› አለችኝ። ሐዋሳ ማን ይጠይቀኛል? ወላሂ ማንም!»

እኔም ከጅዳ ስመለስ ያን ጥያቄ ሁሉ ጠግቤዋለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኳትም። የመመለሻ ቀናቸውም ተወሰነ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ በአጥር የምንዋሰናቸው አሮጊት አረፉ። ክርስቲያን ነበሩ። ሰንበት በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆመው ሳይመርቁኝ አያልፉም። ልጆቻቸው ሁሉ ሩቅ ናቸው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ከአገር ውጭ። ጎሕ ሲቀድ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በእኛ ሠፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለው።

የእህቴ ባል ከሶላት ሲመለስ ጥሩምባውን ሰማ። «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጎረቤታችን አረፉ።»

«የኛ ሰው ናቸው?»

«ክርስቲያን ናቸው።»

ከመስጊድ አብረውት የወጡት ሰዎች ወደየቤታቸው ሳይገቡ ቀጥ ብለው ወደ አሮጊቷ ግቢ ሲያመሩ አየ። ድንኳኑን አውጥተው መትከል ጀመሩ። እሱም አልጠየቀም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ገመዱን ያዘ። እንጨት ሲተከል፣ ገመድ ሲወጠር ከማንም ይበልጥ እንደሚያውቅበት ሁሉም ስላዩ መንገድ ለቀቁለት። ከዚያ መቃብር ለመቆፈር ተራ ከደረሳቸው ሰዎች ጋር ዶማ ይዞ ሄደ። ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ዶማ ለመቀባበል ቋንቋ አያስፈልግም ነበር።

እኔና እህቴ ከሴቶቹ ጋር ንፍሮ ስንቀቅል፣ ውሃ ስናመላልስ ዋልን። እህቴ መጀመሪያ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ፣ «አንቺ ነሽ? እሳቱን እስቲ አንቺ ያዥልን፣ ድሮም እሳት ታውቂበት ነበር» አለቻትና ገባችበት። አስከሬኑ ሲወጣ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲተላለፍ አየን። ከተሸካሚዎቹ መካከል ነጩ ጢም ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታያል። እህቴ አየችው። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

ማምሻውን፣ እግሩ ጭቃ እንደሆነ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ፦

«እነዚያ ሁሉ ሰዎች የአሮጊቷ ዘመዶች ናቸው?»

«አይደሉም። ዘመዶቻቸው ገና በመንገድ ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ማን አዘዛቸው?»

«ቅሬው ነዋ። ጎረቤት ናቸው።»

ራሱን ነቀነቀና እግሩን ሊታጠብ ተነሳ። በማግሥቱ ግን ከቁርስ በኋላ ቀሚሱን ለብሶ፣ ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ «የቅሬውን አለቃ አሳዪኝ» አለኝ። እህቴ የሻንጣዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር።

«ለምን ፈለግኸው?» አለችው።

«እንዲመዘግቡኝ።»

እህቴ ቀጥ አለች። «እኛ ነገ መሄዳችን ነው! አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የመጣነው ለመኖር ነው ወይስ ለመሞት?»

አልተቆጣም። ሲቆጣ እስካሁንም አይቼው አላውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ዐረብኛውን ቀስ አድርጎ፣ ሁለታችንም እንድንሰማው ነገራት። ከእሱ ጋር ባሕሩን የተሻገረ ጓደኛው ጅቡቲ ሲሞት የሆነውን አስታወሳት። መስጊዱ በር ላይ ቃሬዛው ተቀምጦ፣ የሚሸከም ሰው ስላልሞላ እሱ ራሱ መንገድ ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን፣ «ወንድሞቼ፣ ለአላህ ብላችሁ» እያለ እየለመነ ማቆሙን። አንዱ ተሸካሚ ማንን እንደተሸከመ እንኳን ሳይጠይቅ ትቶት እንደሄደ።

«አንቺም ነበርሽ» አላት። «ከበሩ ውጭ ቆመሽ አይተሻል።»

«ነበርኩ» አለች እህቴ።

«ያን ቀን ባሕር ብቻውን እንደማይበቃኝ ገባኝ። ባሕር የትም አለ። ሐዋሳም ውሃ አለው፣ እዚህም ውሃ አለ። እዚህ ግን ሰው ሲሞት የሚያውቀውም የማያውቀውም ይነሳል። እኔ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ሰው ከተማ ሲመርጥ ይህን ነው ማየት ያለበት።»

እህቴ ብዙ አለቀሰች። ስለ ሟቹ ጓደኛ ይሁን፣ እናትና አባታችን ቀብር ላይ ሳትደርስ በመቅረቷ ይሁን፣ አልጠየቅኋትም። ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ። ግን እናታችን ቤት ሠፈር አልኖርም። ሐይቁ በሚታይበት በኩል ነው የምኖረው። መስኮቴን ስከፍት ውሃ ካላየሁ በማግሥቱ ሐዋሳ ነኝ። ሌላም አለኝ፤ ማን ስለ እኔ ምን እንዳለ መጥተሽ እንዳትነግሪኝ!»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

የቅሬያችን አለቃ፣ ዳኛ ነው የምንላቸው፣ እህል ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ለሰው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቆም ብለው የሚያስቡ። መጋዘናቸው ደጅ ወንበር አውጥተው አስቀመጡን። እኔ አስተረጎምኩ።

«ትላንት አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ሥራውን ወድጄለታለሁ። ግን ንገሪው ልጄ፤ ቅሬ ጨዋታ አይደለም። ዝናብ ነው፣ ሥራ አለኝ፣ ሟቹን አላውቀውም ማለት የለም።»

ነገርኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማና፣ «ጀልባ ሠሪ ነኝ በያቸው። የእጄ ሥራ ካስፈለገ ሳልጠራም እመጣለሁ» አለ።

ዳኛው አሰቡ። «ጀልባ የሚሠራ፣ ቃሬዛ መጠገን አያቅተው ይሆናል?»

«ቃሬዛው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ትላንት ተሸክሞት የለም እንዴ? አንዱ እግሩ ይወዛወዛል።»

ይህን ስተረጉምለት ፈገግ አለ። «እሱን ገና ትከሻዬ ላይ ሳለ አውቄዋለሁ። ልጠይቃቸው አፍሬ ነው» አለ። ዳኛው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በሐይቅ ከተማ የመጀመሪያ ሥራው ያ ቃሬዛ ሆነ። ዋንዛ መርጦ፣ እግሩን ቀይሮ፣ ተሸካሚዎች የሚይዙበትን ቦታ እጅ እንዳይልጥ ክብ አድርጎ ላገው። ያየ ሁሉ በእጁ እየዳሰሰ፣ «የኔን ተራ አያድርሰው እንጂ ሥራስ ሥራ ነው!» እያለ ያልፋል።

ለእህቴም ቤት ተገኘ። ከከተማው ወደ ውሃው ወረድ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ ያለበት። መስኮቱ ጠባብ ስለነበር ባሏ አፍርሶ አሰፋው። መጀመሪያ አካባቢ እህቴ ከሰው ትሸሽ ነበር፤ ገበያ ስትወጣ ፈጥና ትመለሳለች። በኋላ በሩ ላይ ምጣድ ጥዳ ዓሣ መጥበስ ጀመረች። ዓሣውን በቅመም ለውሳ፣ ዳቦ ውስጥ ከትታ ነው የምትሰጠው፣ ጅቡቲ እንደምታደርገው። መስከረም ላይ ወደ ግሸን የሚሄዱት ተጓዦች አውቶቡሳቸው ከተማው ውስጥ ሲቆም ሠፈሩ እሷ ጋ ይመራቸዋል። «የሐይቅ ዓሣ ሳትበሉ ተራራ አትውጡ፣ ጉልበት ይከዳችኋል» ትላቸዋለች። ልጅ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሲመጣም አሁን አትሸሽም፤ «አንተ ስንት አለህ? ለሁሉም ልጠቅልልህ?» ትለዋለች።

እሱ ጀልባውን የጀመረው ክረምት ሲያልፍ ነው። ግቢው ውስጥ የጀልባው የእንጨት አጥንት ሲቆም ዓሣ አጥማጆቹ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ሆዱ በጣም ሰፊ ነው፣ ለባሕር እንጂ ለኛ ውሃ አይሆንም አሉት። ሰማቸው። አንደኛው የገዛ ጀልባውን አምጥቶ አጠገቡ አቆመለትና ሁለቱም እየዞሩ አዩት። ከዚያ ግማሹን አፍርሶ አጠበበው። ያን ሁሉ ሥራ ሲያፈርስ ፊቱ ላይ ቅሬታ አለማየቴ ገረመኝ። አማርኛውም ከእነሱ ጋር እየተቀመጠ ነው የተስተካከለው፤ ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማው የወሎ ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ ውጫሌ በሚኒባስ ስንሄድ ሬዲዮው አምባሰልን ይጫወት ነበር። የተራራውን ገደል በመስኮት እያየ ሰማና፣ «ይሄን የሠራው ሰው ቀዛፊ ነው?» አለ። አሽከርካሪው፣ «ኧረ አባቴ፣ ይሄ የዚያ ተራራ ዜማ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየው። «ታዲያ የተራራ ሰውም ይቀዝፋላ» አለ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላ ወንበር ተነስተው እጁን ጨበጡት።

ጀልባው ያለቀ ዕለት ቀድመው የሚገቡት ሚስቱና እኔ እንድንሆን ፈለገ። እኔ ዋና አላውቅም። ውሃው ዳር ያደግን ሴቶች ብዙዎቻችን አናውቅም፤ ውሃ ቀድተን፣ ልብስ አጥበን እንመለሳለን እንጂ። ዳሩ ላይ ቆሜ እግሬ አልሄድ አለኝ። እህቴ ገብታ ተቀምጣለች። «ነይ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?» ትለኛለች፤ እሷም ግን ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

ገባሁ። ቀዘፈ። መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ነበር የማየው። ትንሽ ራቅ ስንል ቀና አልኩ። ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ከዛፎቹ በላይ ወጥተው፣ አስፋልቱ ላይ መኪኖች እንደ ጉንዳን ሲሄዱ፣ ከዚያ ሁሉ ጀርባ የአምባሰል ሰንሰለት ቆሞ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩባት ከተማ ናት። እንዲህ ታምራለች ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ቤቴ የቱ ነው?» አለች እህቴ።

እሱ መቅዘፊያውን አቆመና አመለከታት። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር።

«ክፍት ትቼው ወጣሁ እንዴ?» አለች ደንግጣ። «ድመቷ ዓሣውን ትጨርሰዋለች! መልሰን!»

እሱ ግን ወዲያው አልመለሰንም። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ጀልባው በራሱ ሲንሳፈፍ እያየ ቆየ። እህቴ ሁለት ጊዜ ጠራችውና፣ ኋላ እሷም ጠርዙን ለቅቃ መስኮቷን ታይ ጀመር። ነፋሱ ከምሥራቅ መጥቶ ቀስ እያለ ያዞረን ጀመር።